በውሃ ልክ

ንጣፍ ሠሪው በሠራው ወለል ላይ ውሃ ቢደፋ፣ ውሃው የት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ ደግሞም አፉን ሞልቶ ነው የሚለው። አንድ ቤት ጨርሶ ሲያስረክብ ባለቤቶቹን በሩ ላይ ያቆማቸዋል፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያስመጣል፣ ከዚያ ክፍሉ መሃል ቁጢጥ ብሎ ቀስ አድርጎ ያፈሰዋል። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ያያል። ውሃው ትንሽ ይሰፋል፣ ያቅማማል፣ ከዚያ እንደ ተቀጣ ተማሪ ባለበት ይቆማል። ወዲህ አይል፣ ወዲያ አይል። «አያችሁ?» ይላል ንጣፍ ሠሪው ጉልበቱን ይዞ እየተነሳ፤ «መሄጃ አሳጣሁት!» መታጠቢያ ቤት ካልሆነ በቀር ለውሃ መሄጃ የመስጠት ልማድ አልነበረውም።

ይህን ሁሉ ኩራት የሰጠችው አንዲት ዕቃ ናት፤ ውሃ ልክ። ክንድ የምታህል ቢጫ ዘንግ ስትሆን ወገቧ ላይ ፈሳሽ የሞላች ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አለቻት፤ ብልቃጧ ውስጥ ደግሞ አንዲት አረፋ ትዋኛለች። አረፋዋ መሃል ላይ ከቆመች ወለሉ ልክ ነው። ወደ ጎን ከሸሸች ንጣፍ ሠሪው ያን ቀን ምሳ አይቀምስም። ሰው ቤት በእንግድነት ሲጠራ እንኳ ከደጅ ጀምሮ መሬት መሬት እያየ ነው የሚገባው። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ልትጠይቅ መጥተህ ወለል ትጠይቃለህ?» እያለች ሚስቱ በክርኗ ትጎሽመው ነበር። «ምን ላድርግ፣ እዚያ ጥግ ጋ ጎብጧል እኮ» ይላል እሱ በሹክሹክታ፣ የቤቱ ጌታ እየሰማ።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። «ሚጡ» ያሏት በሕፃንነቷ ነው፤ ስሙ ግን አድጋም አልለቀቃትም። ትንሽ ሳለች ውሃ ልኳን እንደ አሻንጉሊት አቅፋ ነበር ቤቱን የምትዞረው።

«አባዬ፣ አረፋዋ ለምንድነው የማትወጣው?»

«እሷ ከወጣች አባትሽ ሥራ ፈታ ማለት ነዋ!»

«ታዲያ አታሳዝንህም?»

ንጣፍ ሠሪው ይህን ጥያቄ ለሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ እያወራ ሲስቅ ነው የከረመው። አረፋ የምታሳዝናት ልጅ ምን ዓይነት ሰው እንደምትሆን ግን አላሰበበትም።

ሚጡ አድጋ የሥዕል አስተማሪ ሆነች፤ ሕፃናትን ነው የምታስተምረው። ትምህርት በሌለ ቀን ግን ከሠፈሩ መጨረሻ ወዳለው ሐይቅ ትወርዳለች። ባዶ እጇን ሄዳ ባዶ እጇን ነው የምትመለሰው። እዚያ ውሃው የተፋውን፣ ወፍ የጣለውን፣ ነፋስ ያመጣውን ትለቅማለች፤ ጠጠር፣ ደረቅ ሸምበቆ፣ ላባ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ውሃ ያነጣው የዛፍ ሥር። በለቀመችው ነገር ዳርቻው ላይ አንድ ነገር ትሠራለች፤ አንዳንዴ ክንፍ ይመስላል፣ አንዳንዴ ጎጆ፣ አንዳንዴም ምንም አይመስልም፣ ግን ያምራል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ ወደ ላይ ይገፋል፤ በማግስቱ አሸዋ ብቻ ይገኛል። ሚጡ ይህን ታውቃለች። እንዲያውም ደስ የሚላት እሱ ነው። አንዲት ፎቶ አንሺ ጓደኛ ነበረቻት፤ አብራት እየወረደች፣ ድንጋይ እያቀበለቻት፣ አንዳንዴ ውሃው ሥራውን ሲወስደው በካሜራዋ ታነሳው ነበር።

ንጣፍ ሠሪው አንድ ቀን ሚስቱ ስትነዘንዘው ጊዜ ሊያይ ወረደ። ባይወርድ ይሻል ነበር። ሚጡ ተንበርክካ፣ ቀሚሷ ረጥቦ፣ ጥቁርና ነጭ ጠጠር እያፈራረቀች ስትደረድር አገኛት። ድርድሩ እንደ ሰካራም መንገድ ይጣመማል፤ ጫፉ ላይ ላባ ተሰክቶበታል። አባት ዝም ብሎ ማየት መች ቻለ! እጁ ሳያዘው ሄደና አንዱን ጠጠር ቀና አደረገው።

«አባዬ፣ እጅህን!» አለች እየሳቀች።

«ጠማማ ነው እኮ።»

«ጠማማ እንዲሆን ነው ያደረግኩት።»

«ይሁን። ነገ ግን ልፋትሽን ሁሉ ውሃ ይበላዋል።»

«ይብላው። ለሱ አይደል የሠራሁት?»

እዚህ ላይ አፉን ቢዘጋ ምን ነበረበት? የራሱ ልጅ ናት፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ደስ ብሏት ትጫወታለች፣ ማንንም አልጎዳች። ግን ውሃ እንዳይበላው አድርጎ ሲሠራ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነውና ቃሉ ወጋው። «እኔ በሠራሁት ወለል ላይ ሰው ይኖርበታል» አላት። «አንቺ በሠራሽው ላይ ማን ይኖርበታል?»

ሚጡ ጠጠሩን ወደ ጠማማ ቦታው መለሰችና ሥራዋን ቀጠለች። ንጣፍ ሠሪው ከዚያ ወዲያ ወደ ሐይቁ አልወረደም፤ ነገሩንም ረሳው።

የሚጡ ሕመም ድካም መስሎ ነው የመጣው። መጀመሪያ ደረጃ ስትወጣ ማረፍ ጀመረች፤ ከዚያ ጠመኔ መያዝ ከበዳት፤ ከዚያ ሐኪሙ የደም ምርመራውን ውጤት ይዞ ወላጆቿን ለብቻ ጠራቸው። ሐኪሙ ሲናገር ንጣፍ ሠሪው የክፍሉን ወለል ያይ ነበር። ጥግ ላይ አንዱ ንጣፍ ከሌሎቹ በላይ ብቅ ብሏል። ሚስቱ የሐኪሙን እጅ ይዛ ስትለምን፣ እሱ ያንን ንጣፍ ማን እንደሠራው ያስብ ነበር። ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው ያንኑ ብቅ ያለ ንጣፍ ብቻ ነው።

አልጋ ከመያዟ በፊት ሚጡ የቀራትን አቅም አሟጣ አንድ ሥራ ሠራች። ፎቶ አንሺዋ ድንጋይ ስትሸከምላት ሰነበተች፤ ሥራው ሲያልቅ ግን ለእንጀራዋ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ነበረባት። ይኸኛው ሥራ ከፊተኞቹ ሁሉ ይለያል። ጠፍጣፋ የሐይቅ ድንጋዮች ጎን ለጎን ተነጥፈው አንዲት ትንሽ ክፍል የምታህል ወለል ሠርተዋል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት በአረንጓዴ የውሃ ሣርና በቀንድ አውጣ ቅርፊት ተሞልቷል፤ ማዕዘኖቹ ላይ ሸምበቆ ቆሟል። በሐይቁ በኩል ያለው አንዱ ማዕዘን ዝቅ ብሎ፣ መላው ወለል ወደዚያ ያዘነብላል። ስትሠራው ውሃው እግሯ ሥር ነበር። ግን ያን ዓመት ዝናብ ጠፋ። ሐይቁ ቀን በቀን ወደ ኋላ ሸሸና የሚጡ ወለል ደረቅ አሸዋ ላይ ብቻውን ቀረ።

«አባዬ፣ ውሃው ደረሰ?» ማለት የጀመረችው ያኔ ነው።

ያ ወደ ሐይቁ አልወርድም ያለ ሰውዬ አሁን ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ ይወርዳል። ወለሉን ዞሮ ያየዋል፣ ውሃው የት እንዳለ በዓይኑ ይለካል፣ ከዚያ እያለከለከ ተመልሶ አልጋዋ አጠገብ ይቀመጣል።

«አልደረሰም፣ አይዞሽ! ንክች አላደረገውም!»

ሚጡ ዓይኗን ጨፈነች። ከዓይኗ ጥግ እንባ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ንጣፍ ሠሪው በመሐረቡ ጠረገላት፤ እፎይ ያለች መስሎታል።

«ዛሬስ?» ትለዋለች በማግስቱ።

«ዛሬም አልደረሰም። እንዲያውም ሸሽቷል። አባትሽ ቆሞ እያለ ወዴት አባቱ ይደርሳል!»

እንዲህ እያለ ሊያስቃት ይሞክራል። እሷም ለሱ ብላ ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነው። የሚያመጣላት ነገር ምንም አልነበረውም፤ መድኃኒት ሐኪሙም አጥቶላታል። ይህችን አንዲት የምሥራች ግን በየቀኑ እየሮጠ ያመጣላታል፤ ያችን ይዞ በሩን ሲከፍት እጁ ባዶ ያልሆነ ይመስለዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናትየው ወጥ ቤት ሳለች ሚጡ በጣቷ ጠራችው። ጆሮውን አፏ ድረስ አስጠጋ።

«አባዬ…»

«ወዬ፣ የኔ ዓለም።»

«ያቺን ሥራ…» ትንፋሿ ተቆረጠ። «በውሃ ልክ… አድርግልኝ።»

ንጣፍ ሠሪው የሰማውን ማመን አቃተው። «በውሃ ልክ?»

«በውሃ ልክ። እሺ በለኝ።»

ሆዱ ባባ። ይህች ልጅ በሕይወቷ አንድም ቀን የሱን ሙያ ጠይቃው አታውቅም፤ አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ ከሰው ሁሉ መርጣ እሱን፣ ከዕቃው ሁሉ መርጣ ውሃ ልኳን ጠየቀችው። «እሺ! እንዴታ! በአባትሽ ውሃ ልክ፣ በገዛ እጄ! ሺ ዓመት እንዳይነቃነቅ አድርጌ እሠራልሻለሁ!»

ሚጡ ራሷን ከትራሱ ልታነሳ ሞከረች። እጅጌውን ይዛ አንድ ነገር ልትለው ነበር፤ ሳሉ ቀደማት። እናቷ ውሃ ይዛ ሮጣ መጣች። ሳሉ ሲለቃት ለመናገር የሚበቃ ትንፋሽ አልቀራትም፤ አባቷን ብቻ አየችው፣ አየችው። በማግስቱ አረፈች።

ቀብሩ አልፎ አጽናኞቹ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ንጣፍ ሠሪው አላለቀሰም። «ጠንካራ ሰው ነው» አሉ ሰዎች። ጠንካራ አልነበረም፤ ሥራ ነበረበት።

ሲሚንቶውን በእጅ ጋሪ አወረደ። አሸዋውን ነፋ። ከሚጡ ቦርሳ ያገኘውን ጠመኔ ይዞ፣ ቦታቸው እንዳይሳሳት እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ምልክት አደረገ፤ ከዚያ አንድ በአንድ አነሳቸው። ሥሩን ቆፈረ፣ ደለደለ፣ ደበደበ። ሲባጎ ወጠረ። ሲሚንቶና አሸዋውን አቡክቶ አነጠፈና ድንጋዮቹን እየመለሰ በጎማ መዶሻ ቀስ እያደረገ አስቀመጣቸው። ውሃ ልኳን ሲያጋድምባቸው አረፋዋ ወደ ሐይቁ ጀርባዋን ሰጥታ ሸሸች።

«ሚጡዬ፣ እዚህ ጋ ስተሻል» አለ ለብቻው። ዝቅ ያለውን ማዕዘን በመዳፉ ዳሰሰው። ጉልበት አጥታ ነው፣ አለ በልቡ፤ ደክሟት ነው ልጄን፣ ድንጋይ ማንሳት አቅቷት ነው እንዲህ የተወችው። እሷ ያቃታትን እሱ ሞላላት። ማዕዘኑን በሲሚንቶ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አድርጎ አረፋዋ መሃል ላይ እስክትቆም ድረስ ሞላው።

ሸምበቆዎቹን ነቀላቸው፤ የሚበሰብስ ነገር ሥራ ውስጥ አይገባም። የውሃ ሣሩን ከክፍተቶቹ ውስጥ ፋቀና ቦታውን በሲሚንቶ ደፈነው። የቀንድ አውጣ ቅርፊቶቹን ግን ሊጥላቸው አልጨከነም፤ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ በሲባጎ አስተካክሎ፣ ርቀታቸውን ጠብቆ፣ አንድ በአንድ ተከላቸው። ሲጨርስ ከቤት ያመጣውን ብርጭቆ አወጣ፤ አልጋዋ አጠገብ የነበረውን የሚጡን ብርጭቆ ነው ያመጣው። ሲሚንቶው ጨብጦ እስኪይዝ ጠበቀና ውሃውን ወለሉ መሃል ላይ አፈሰሰ። ውሃው ሰፋ፣ አቅማማ፣ ቆመ። ያኔ ነው ንጣፍ ሠሪው አሸዋው ላይ ተደፍቶ ያለቀሰው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ባልዲ ይዞ ይወርዳል። አዲስ ሲሚንቶ ሕፃን ነው፤ ውሃ ካላጠጡት ይሰነጠቃል፣ ባጠጡት ቁጥር ግን ይጠነክራል። ከሐይቁ እየቀዳ ያጠጣዋል፣ ፀሐይ እንዳይመታው እርጥብ ጆንያ ያለብሰዋል። ቤት ውስጥ ውሃ የሚያቀብለው፣ ብርድ ልብስ የሚያለብሰው ሰው ስላልቀረ፣ ይህን ወለል ማስታመም ያዘ።

ሚስቱን ይዟት ወረደ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ ብዙ ቆየች። ወለሉን ዞረችው። ጎንበስ ብላ አንዱን ድንጋይ ዳሰሰችው።

«ቆንጆ ነው» አለች በመጨረሻ። ከዚያ እጇን ከድንጋዩ አንስታ፣ «የሷን እጅ ግን ፈልጌ አጣሁት።»

«ምን ማለትሽ ነው? ድንጋዮቹ የሷ አይደሉም እንዴ?»

«ድንጋዮቹማ የሷ ናቸው» አለችና ቀድማው ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።

ተናደደ። እናት ናት፣ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያናግራት ብሎ ተወው። ነገሩ ግን እንደ ጫማ ጠጠር ሲቆረቁረው ሰነበተ።

ፎቶ አንሺዋ የመጣችው ወለሉ ፍጹም ከደረቀ በኋላ ነው። መርዶውን ሩቅ አገር ሆና ሰምታ፣ ለቀብሩ መድረስ አልቻለችም። ከእናትየው ጋር ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ከቆዩ በኋላ ንጣፍ ሠሪው ተነሳ። ሚጡ ካረፈች ወዲህ ፊቱ ላይ ትንሽ ብርሃን የታየው ያን ቀን ነው።

«ነይ እስቲ ልጄ። የጓደኛሽን ኑዛዜ እንዴት አድርጌ እንደፈጸምኩ ላሳይሽ። ካሜራሽንም ያዢ።»

ሦስቱም ወረዱ። ጆንያውን እንደ ሙሽራ መጋረጃ ገለጠላት። ፎቶ አንሺዋ ካሜራዋን አላነሳችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ጋሼ… ምን አደረጉት?»

«በውሃ ልክ አደረግኩት። ልክ እንደ ቃሏ።»

«እንዴት ብላ ነው ያለችዎት? ቃሉን እስቲ ይንገሩኝ።»

«‹በውሃ ልክ አድርግልኝ› ነው ያለችኝ። ሁለት ጊዜ ነው ያለችው። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ፎቶ አንሺዋ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ደረቁን አሸዋ አቋርጣ ወደ ውሃው ሄደች፤ ወላጆቹም ምን ሆነች ብለው ተከተሏት። ማዕበሉ አሸዋውን አርጥቦ የተመለሰበት ቦታ ላይ ጥቁር መስመር ነበር። በጫማዋ ጫፍ ነካችው።

«ይኸ ነው ውሃ ልክ» አለች። «እኛ ይኸን ነው ውሃ ልክ የምንለው፤ ውሃው የሚደርስበትን ልክ። ስሙን እሷ ናት ያወጣችለት። ‹ከአባዬ ዕቃ ሳጥን ሰርቄ ነው› እያለች ትስቅ ነበር። ‹በውሃ ልክ አድርጊው› ካለችኝ፣ ውሃው የሚወስደው ቦታ ላይ አድርጊው ማለቷ ነው። ሐይቁ ሲሸሽባት… ድንጋዮቹን አንስተው እዚህ እንዲያወርዱላት ነበር የለመነችዎት፣ ጋሼ።»

ንጣፍ ሠሪው ሳቀ። እውነትም ሳቀ፤ የምትለው ነገር ውሃ የማያነሳ መስሎት ነው። «የለም፣ የለም፣ ተሳስተሻል። ውሃው እንዳይወስድባት ትጨነቅ ነበር እኮ! ‹ውሃው ደረሰ ወይ?› እያለች በየቀኑ ትጠይቀኝ ነበር። እኔ ነኝ ‹አልደረሰም፣ አይዞሽ› እያልኩ ያጽናናኋት። አንቺ አልነበርሽም!»

«ፈርታ አልነበረም፣ ጋሼ። ጓጉታ ነው።»

ወደ ጆሮዋ የወረደው እንባ ትዝ አለው። በመሐረብ የጠረገው። በየቀኑ እየሮጠ፣ እያለከለከ፣ የምሥራች ይዞ መጥቶ የጠረገው። ያ ከአንገት በላይ ሳቅ ትዝ አለው፤ እጅጌውን ይዛ ልትናገር የነበረው ነገርም ምን እንደነበረ አሁን ገባው። ልጁ በዚህ ዓለም የቀራት ምኞት አንዲት ስትሆን፣ እሱ ማታ ማታ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ «አልሆነልሽም» ሲላት ነው የከረመው፤ ያውም እየሳቀ።

«ያ ዝቅ ያለው ማዕዘንስ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«በር ነው። ውሃው በዚያ እንዲገባ።»

«ደክሟት አይደለም?»

«አይደለም፣ ጋሼ። በጣም ተጠንቅቃ ነው ያደረገችው። ያንን ማዕዘን ስትሠራ ብቻ ረዳት አልፈለገችም።»

ፎቶ አንሺዋ የቀረውን ልትናገር አልፈለገችም ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። «ንገሪን» አለቻት እናትየው፤ «ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?»

«ስም ነበረው» አለች ፎቶ አንሺዋ። «‹የአባዬ ወለል› ነው ያለችው። ‹አባዬ አንዴ ማን ይኖርበታል ብሎኛል፤ ውሃው ይኖርበታል። አንድ ቀን አድሮ ይሄዳል። ሲገባበት እንዲያይ ይዤው እመጣለሁ› ትል ነበር።»

ንጣፍ ሠሪው አንገቱን ደፍቶ፣ ያችን ጥቁር መስመር እያየ፣ ማዕበሉ ጫማው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቆመ።

በማግስቱ መሮ፣ ከባድ መዶሻና ዶማ ይዞ ብቻውን ወረደ። ድንጋዮቹን አላቅቆ ወደ ውሃው ሊያወርዳቸው ነው። ዘግይቷል፣ ግን ይሁን፤ እሷ ባታይም ይሁን። መሮውን ክፍተቱ ላይ አድርጎ መታ። አልተነቃነቀም። ደግሞ መታ። እሳት ብልጭ አለ። ሲሚንቶውን አልሰሰተበትም፣ አሸዋውን በደንብ ነፍቶታል፣ ውሃውን ጠዋት ጠዋት አጠጥቶታል፤ ከሠራቸው ወለሎች ሁሉ የዚህን ያህል የተጠነቀቀለት የለም። «ያንተ ሥራ በዶማም አይነቀልም» እያሉ ያሞግሱት ነበር ሰዎች፤ እሱም ጢሙን እየጠራረገ «አይነቀልማ!» ይል ነበር። አሁን ያ ሙገሳ እርግማን ሆኖ ተመለሰበት። በሙሉ ኃይሉ ሲመታ ከመሃል ያለው፣ ነጭ ጅማት ያለፈበት ድንጋይ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሲሚንቶው ግን እንዳለ ነው።

መዶሻውን ጣለው። የሰበረው የሱን ሲሚንቶ ሳይሆን የሷን ድንጋይ ነው። አቅም አጥታ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ጎንበስ ብላ መርጣ ያነሳችውን ድንጋይ። ተንበረከከና ሁለቱን ቁራጮች በመዳፉ ገጣጠማቸው። ስንጥቁ ላይ የጠመኔው ምልክት ደብዝዞ አሁንም አለ።

ድንጋዩ ወደ ውሃው ካልወረደ ውሃው ወደ ድንጋዩ ይምጣ አለ። ባልዲውን አንስቶ ወደ ሐይቁ ሮጠ፤ ቀድቶ ተመለሰና ደፋበት። ሮጠ፣ ቀዳ፣ ደፋ። ሱሪው በስብሷል። ውሃው ወለሉ ላይ ሰፋ፤ ያን ዝቅ ያለ ማዕዘን፣ ያቺን በር፣ የፈለገ ይመስል ትንሽ አቅማማ። በሩ ተደፍኗል። ውሃው ባለበት ቆመ።

«ውሰደው እንጂ!» ብሎ ጮኸበት። «ብላው! ምን ትጠብቃለህ? ላንተ ነው የሠራችው፣ ብላው!»

ደግሞ ቀዳ፤ ደግሞ ደፋ። ትንፋሹ ሲያልቅበት ወለሉ ጠርዝ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ያኔ በጸጥታው ውስጥ አንድ ስስ ድምፅ ሰማ፤ የሚያውቀው፣ ዕድሜ ልኩን ደስ እያለው ያዳመጠው ድምፅ። ሲሚንቶው ውሃውን እየጠጣ ነው። በጠጣ ቁጥር ይጠነክራል። ዛሬ ጠዋት ያፈሰሰው ባልዲ ሁሉ ሊያፈርሰው ሳይሆን ሊያጸናው ነበር። ዝናብ ቢመጣ፣ ሐይቁ ሞልቶ እዚህ ድረስ ቢነሳ፣ ውሃው ያጥበዋል፣ ያጠነክረዋል፣ ይመለሳል። እሱ ይሞታል፣ ሚስቱ ትሞታለች፣ ይኸ ወለል እዚሁ ይኖራል።

ሚስቱ ፈልጋው ወረደች። የተሰነጠቀውን ድንጋይ አየች፣ የተጣለውን መዶሻ አየች፣ ባዶውን ባልዲ እቅፉ ውስጥ አየች። አልተቆጣችውም፤ አላጽናናችውም። ነጠላዋን ሰብስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለቱም ወለሉ ላይ የቆመውን ውሃ ያያሉ። ደመና የሌለበት ሰማይ ውስጡ ይታያል። ብዙ ቆይታ፣ እሱን ሳታየው፣ ልጇ በየቀኑ ስትጠይቅ የነበረውን ጠየቀችው።

«ውሃው ደረሰ?»

«ደርሷል» አላት ንጣፍ ሠሪው። «መሄጃ አሳጣሁት።»